የበለሱ ወዲያኛው ጎን

ጥር 12

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእታለሜ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናሽ ተሟልቶ፣ ጉልበትሽም ከደረጃው ጋር ታርቆ ያግኝሽ። እኔ ከዚህ ከተማ ብርድ በቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም። ዛሬ ግን ብርዱም አልተሰማኝም፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

መሬት አገኘሁ።

አትሳቂ። የምኖርበት ፎቅ ጀርባ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ አሮጌ ፍሪጅና የተሰበረ በር ሲጣልበት የኖረ። የፎቁ ኮሚቴ አስጸድቶ ለተከራዮች በቁራሽ በቁራሽ ለማካፈል ወሰነና ዕጣ ወጣ። እኔ ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ስለነበርኩ ዕጣዬን ያወጡልኝ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ሾፌሯ፣ ጥጓ ደረሰችሽ፤ ፀሐይ የሚመታት ጥጓ» አሉኝ። ርዝመቷ ስምንት እርምጃ፣ ስፋቷ አምስት ነው። በእኔ እርምጃ ነው ታዲያ፤ በአባዬ ከሆነ ስድስት በአራት። ከኋላዋ የፎቁ ግድግዳ አለ፤ ከቀትር እስከ ምሽት ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል።

ግድግዳውን እንዳየሁ ትዝ ያለኝ የእናንተ ግቢ በለስ ነው። ሌላውን የሚዘራውን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ባቄላ፣ አንድ መደብ ቃሪያ። እዚያ ግድግዳ ሥር በለስ ካልቆመ ግን መሬቱ መሬት አይሆንልኝም። ከእሱ ቁራጭ ትልኪልኛለሽ? መቼ ይቆረጣል? እንዴት ይጠቀለላል? እኔ መሪ ከመያዝ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ አንቺ ደግሞ የመጥረጊያ እንጨት ብትተክዪ የሚጸድቅልሽ ሰው ነሽ።

ስልክ ጆሮሽ አይወደውም፤ ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። የእኛ ሾፌሮች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በሦስት ቀን ያደርሱልናል።

አባዬ እንዴት ነው? ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይልና መልሴን ሳይሰማ ይዘጋዋል።

የወንድምሽ ልጅ፣
ጭራሮ


ጥር 20

ለጭራሮዬ፣

መንገድሽ ይቅና፤ ፍሬንሽ አይክዳሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልምልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ጉዳዩ፦ የመሬት ይዞታን ይመለከታል» የሚል ስንት ወረቀት በእጄ እንዳለፈ ቁጥሩን አላውቀውም። ደስ ያለኝ የመሬት ጉዳይ ግን ያንቺ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ምን ነካሽ፣ ብቻሽን ትስቂያለሽ» አለችኝ። «የወንድሜ ልጅ ባለ መሬት ሆነች» አልኳት።

በይ አሁን ስሚኝ። ብርዱ ይለፍ ብለሽ እንዳትቀመጪ። አሁኑኑ ቆፍሪና ጓሉን ሳትሰባብሪ ገልብጠሽ ተዪው፤ ውርጩ ራሱ እያደቀቀ ያልምልሻል። ከዚያ አንድ ጭብጥ አፈር ጭመቂና እጅሽን ክፈቺ። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ውሃ ይይዛልና አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ጨምሪበት። ፍጉ ይሸታል ወይ ብለሽ አሽትቺው፤ የሚሸት ከሆነ ገና ነው፣ ሥር ያቃጥላል። የድንችና የሙዝ ልጣጭሽን ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጥዪ። ቃሪያውን አሁን በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ዝሪና መስኮት ላይ አስቀምጪው፤ ውጭ ለመውጣት ሲደርስ ብርዱ አልፎ ይጠብቀዋል። ችግኙ ላይ የቅጠል ቅማል ካየሽ የሳሙና ውሃ ርጪበት፤ በቀጭኑ ታዲያ፣ ልብስ የምታጥቢ አይምሰልሽ።

በለሱ ገና ተኝቷል። ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል። መቆረጥ ያለበት ከእንቅልፉ ሊነቃ ሲል፣ አይኑ ሳያብጥ ነው። አይን የምልሽ ቅጠል የሚወጣበትን ጉጥ ነው። ለመትከል የሚሆነው አምና ያደገው እንጨት ነው፤ እርሳስ የሚያክል ወይም ወፈር ያለ፣ አንድ ስንዝር የሚረዝም፣ አራት አምስት አይን ያለው። በእኔ በኩል ያለው ዘንድሮ ቀጫጫ ነው። ብቻ ፈልጌ አላጣም።

ጓንት ግዢ። ሲቆረጥ የሚወጣው የበለስ ወተት ቆዳ ይልጣል።

አክስትሽ


ጥር 29

ለእታለሜ፣

ምክርሽ አይለየኝ፣ ዕድሜሽም ከምክርሽ ይርዘም።

ክንዴን ማንሳት አቅቶኝ ነው የምጽፍልሽ፤ ግን ደስ የሚል ሕመም ነው። ሦስት የዕረፍት ቀኖቼን ስቆፍር ዋልኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት አፈር ሳይሆን ጡብ ነው። ከጡቡ ሥር ሽቦ፣ ከሽቦው ሥር የሕፃን ጫማ፣ ከዚያ ደግሞ የፎቁ ሰው በሙሉ መጥቶ ያየው አንድ ሙሉ የመታጠቢያ ቤት ሲንክ። ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ተመለከቱትና «አልጋም አይጠፋውም፤ ትንሽ ዝቅ በይ» አሉ። ሲንኩን አጥበን የፍግ መንከሪያ አደረግነው። አራት አካፋ ያህል ስጠልቅ ጥቁር አፈር ወጣ። ትል ያለበት አፈር ነው፣ እታለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሬ ትል አይቼ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

ቃሪያውን ዘርቻለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ስመለስም አያለሁ። ትኬት ቆራጯ ጓደኛዬ «በማየት የሚበቅል ቢሆን እስካሁን ጫካ ነበር» ትለኛለች።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ኮሚቴው መጋቢት 10 ዞሮ ያያል። ያልተቆፈረና መደብ ያልወጣለት ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ተጠባባቂዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አንዷ በየቀኑ መጥታ ጥጌን በእርምጃ ትለካለች። ለበለሱ ግድግዳው ሥር ጉድጓድ አዘጋጅቼ ማሳየት አለብኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ። ስለ አባዬ ጠየቅኩሽ፤ ስለ ቅማል መለስሽልኝ። አምናም በደብዳቤ ጠይቄሽ ስለ ጣሪያሽ ነበር የነገርሽኝ። ቀጫጫ ነው ያልሽው በለስስ? ያ ዛፍ ቅርንጫፉ እንደ ክንዴ የሚወፍር ነበር። ደግሞም ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አባዬ ጋ ደወልኩ። አንሥቶ አናገረኝ። አባዬ ረፋድ ላይ መዶሻ ይዞ እንጂ ስልክ ይዞ አያውቅም። ከኋላው የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል፤ ቤት ነበር። ሳትደብቂ ንገሪኝ።

ጭራሮ


የካቲት 9

ለጭራሮዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ልብሽ ከእኔ እንዳይቀየምም ልለምንሽ። መልሴ የዘገየው ሾፌሩ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥቶ «ነገ ተመለስ» ብዬዋለሁ።

እኔና አባትሽ ከተነጋገርን አራት ዓመት ሆነን።

እናታችን ካረፈች በኋላ ግቢውን ለሁለት ስንከፍል ሁሉም ነገር በሰላም ነበር፤ እስከ በለሱ። እሱ «ሥሩ የሁለታችንንም ቤት ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ይቆረጥ» አለ። እኔ «እናቴ የተከለችውን ከቆረጥክ እኔንም አብረህ ቁረጠኝ» አልኩ። ከዚያ የተባባልነውን አልጽፍልሽም። እኔ ሙያውን ነካሁበት፣ እሱ ልጅ አለመውለዴን ነካብኝ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ብሎኬት እየደረደረ አገኘሁት። በሦስት ቀን በእኔና በእሱ መካከል ከቁመቴ በላይ የሆነ ግንብ ቆመ። ግንበኛ ወንድም ሲኮርፍ እንዲህ ነው።

ዛፉን ግን አልቆረጠም። ግንዱ ጋ ሲደርስ ግንቡን አጠማዞ ዙሪያውን አዞረው። ግንዱ እኔ ጋ ቀረ፤ ቅርንጫፉ ግን ፀሐዩን ተከትሎ ወደ እሱ ግቢ ሄደ። ለአንቺ የሚሆነው እንጨት ያለው እዚያ ነው። እኔ ጋ በግንቡ ጥላ የቀጠነ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የቀረኝ።

አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሱም እንደዚያው መሰለኝ። ረፋድ ላይ ቤት ምን እንደሚሠራ እኔ አላውቅም። የመዶሻ ድምፅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ያገኘ መስሎኝ ነበር።

አክስትሽ


የካቲት 14

እታለም፣

ጤናሽን እንደምመኝልሽ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

አልተቀየምኩሽም። በሁለታችሁም ተናድጄ አንድ ቀን ሙሉ ስቆፍር ውዬ ጉድጓዱ ከሚፈለገው በላይ ጠለቀ፤ እሱንም መልሼ ሞላሁት። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ሄደሽ አንኳኪ። ለበለሱ በይው፤ ሰበብ ከፈለግሽ ሰበቡ እኔ ነኝ። እውነቱ ግን እኔን ዛሬ የቸገረኝ በለሱ አይደለም። ደወልኩለትና «አባዬ፣ ለምን ቤት ዋልክ?» አልኩት። «ዝናብ ነው» አለኝ። እናንተ ጋ ደግሞ ዝናብ ከጣለ ወር እንዳለፈው ከሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ ጠይቄያለሁ።

ይህን ያመጣልሽ ሾፌር መልስሽን ሳይዝ እንዳይመለስ አደራ ብዬዋለሁ።

ጭራሮ


የካቲት 22

ለጭራሮዬ፣

ደስታሽ ይብዛ፤ ይህን ወረቀት ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት ጠዋት መጋዙንና የዛፍ መቀሱን በዘንቢል ይዤ ወጣሁ። በመንገዱ ዞሬ በሩ ጋ ስደርስ እጄ አላንኳኳ አለኝ። ልመለስ ስል በሩ ገርበብ ብሎ አየሁትና ገባሁ።

አባትሽ ግቢው መሐል ወንበር ላይ ተቀምጧል። ግራ እግሩ ሳጥን ላይ ተዘርግቷል፤ ከጉልበቱ በታች በጀሶ ተጠቅልሏል። ሁለት ክራንች አጠገቡ ተደግፈዋል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዘንቢሉንም አየው።

«መጋዝ ይዘሽ መጣሽ ወይስ ነገር?» አለኝ።

«መጋዝ» አልኩት።

«እንግዲያው ግቢ።»

ታኅሣሥ ውስጥ ከመወጣጫ ወድቆ ኖሯል። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቷል። ያበላው፣ ያስተኛው፣ ያመላለሰው አብሮት የሚሠራው ለሳኙ ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ እኔ የማውቅ መስሎት ማንም አልነገረኝም። ከግንቡ ወዲህ ሆኜ አላየሁም፣ አልጠየቅኩም። ይህን ስሰማ መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እሱ ደግሞ የሚያጽናና ነገር ቸገረውና «መሬት ላይ አትቀመጪ፣ ብርድ አለው» አለኝ።

«ለምን አልላክህብኝም?»

«ግንቡን የሠራሁት እኔ አይደለሁ? ምን ብዬ ልላክ?»

ከዚያ ስለ አንቺ ነገርኩት። ስለ ጥጓ፣ ስለ ሲንኩ፣ በየቀኑ መጥታ ስለምትለካው ሴትዮ። ሲንኩ ላይ ስደርስ ሳቀ፤ ግድግዳው ላይ ስደርስ ግን ሳቁን አቆመና «ጡብ ነው ብሎኬት? ወደ የት ነው የሚያየው?» ብሎ መረመረኝ። አላውቅም ስለው «እንዴት ይህን ሳትጠይቂ?» ብሎ ተቆጣኝ። አራት ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ ቁጣ ይኸው ነው፤ ተቆጥቶ ሲያበቃ ነው የገባኝ።

ቅርንጫፉ፣ ልጄ። ብታዪው። አምና ያደገው ብቻ ከራሴ በላይ ነው፤ አይኑ ጠብሰቅ ብሎ፣ ሊያብጥ ሁለት ሦስት ቀን ቢቀረው ነው። አንድ ሳምንት ብዘገይ ኖሮ አልፎን ነበር። እኔ መሰላሉ ላይ ወጣሁ፤ እሱ ከወንበሩ ሆኖ በክራንቹ ያመለክታል። «ያንን አይደለም፣ ወደ ውስጥ የገባውን። እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጪው። መሐሉ አየር ያግኝ።» እኔ «አውቃለሁ» እላለሁ፤ እሱ «አውቀሽ ነው የተሳሳትሽው?» ይላል። ለሳኙ ምሳ ይዞ ሲመጣ ሁለታችን ስንጨቃጨቅ ሰምቶ ሰው የተጣላ መስሎት ሮጦ ገባ።

አሥር ቁራጭ መረጥን። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለን ላስቲክ አለበስነው፤ ዛሬ ጠዋት ለሾፌሩ ሰጠሁት። ሞተሩ አጠገብ እንዳያደርገው፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው በኩል እንዲያኖረው ነግሬዋለሁ። ቆርቆሮ ውስጥ በአሸዋማ አፈር ትከዪው፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ይቀበር፣ አንዱ ይውጣ። ሙቀት ስጪው፣ ውሃ አታብዢበት። ቅጠል ሲያወጣ ሥር ያወጣ እንዳይመስልሽ፤ ቅጠሉ ይቀድማል። እየጎተትሽ እንዳታዪው።

«ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» ብሎኛል። እሺ አላልኩትም። እንደምጽፍልሽ አውቆ ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ከታች ያለው የእሱ እጅ ነው።

አክስትሽ

ልጄ ሆይ፣ እግሬ እየዳነ ነው። ጀሶው በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል። ቁራጩ ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ታች ነው፤ በሰያፍ የተቆረጠው ላይ ነው። ገልብጠሽ እንዳትተክዪ። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። አባትሽ።


ሚያዝያ 1

ለእታለሜና ለአባዬ፣ በአንድ ወረቀት፣

አብራችሁ የምታነቡት ይሁን፤ የሁለታችሁም የጤና ወሬ ለእኔ ይድረስ። የዘገየሁት የማየውን ሳላይ አልጽፍም ብዬ ነው።

ያን ደብዳቤ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ተሳፋሪ ሳይገባ፣ መሪው ላይ ተደግፌ አነበብኩት። አልቅሼ ፊቴን ጠርጌ በሩን ከፈትኩ። ያን ቀን ሁለት ፌርማታ ሳልቆም አልፌያለሁ። በዕረፍት ሰዓቴ ለአባዬ ደወልኩና ፈቃድ ወስጄ ነገ እመጣለሁ አልኩት። እታለም፣ አርባ ደቂቃ አወራኝ። በሕይወቴ አርባ ደቂቃ አውርቶኝ አያውቅም። በመጨረሻ «ያንን መሬት ለሴትዮዋ አስረክበሽ ከመጣሽ ደጃፌን እንዳትረግጪ» አለኝ። ኮሚቴው እስኪያይ ብዬ ቀረሁ።

ጥቅሉ በአራተኛው ቀን ደረሰ። የተቀባበሉት አምስት ሾፌሮች እያንዳንዳቸው ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈውበታል፤ «ውሃ ጠጥቷል»፣ «ብርድ ነው፣ በኮቴ ሸፍኜዋለሁ»፣ «ይኼ ነገር ሲያፈራ እንዳትረሱን»። ስፈታው አንዱም አልደረቀም። በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተከልኳቸው፤ ሰያፉን ወደ ላይ አድርጌ፣ አባዬ። ሰዓት ሠሪው ሦስት ጊዜ አረጋግጠውልኛል።

መጋቢት 10 ኮሚቴው መጣ። መደቦቹ በክር ተወጥረው ቀጥ ብለዋል፤ የወጣውን ጡብ መተላለፊያ አድርጌዋለሁ። ሰብሳቢዋ ግድግዳው ሥር ያለውን ጉድጓድ አይታ «ይህ ባዶው ምንድን ነው?» አለችኝ። ወደ ቤቴ ወሰድኳትና አሥሩን ቆርቆሮ አሳየኋት። ያኔ ገና አሥር እንጨት ነው። ረጅም ጊዜ አየችውና «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። «የቆረጡልኝን ሰዎች ስለማውቃቸው ነው» አልኳት። ፈረመችልኝ። በየቀኑ ስትለካ የነበረችው ሴትዮም አጠገቤ ያለው ቦታ ተለቆ ደርሷታል፤ አሁን በአንድ ዶማ ነው የምንሠራው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሦስቱ ላይ አይኑ ተከፈተ። የጣቴ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ። ቅጠሉ ይቀድማል ብለሽኛል፤ አውቃለሁ፣ አልጎተትኩም። ግን ደስታዬን ሥሩ እስኪወጣ ማቆየት አልቻልኩም። የዓመት ፈቃዴን ለሰኔ ጠይቄያለሁ፤ እመጣላችኋለሁ።

ጭራሮአችሁ


ሚያዝያ 11

ለጭራሮዬ፣

ያሰብሽው ይስመርልሽ፤ የተከልሽውም ከአንቺ በላይ ይቁም።

ደብዳቤሽን ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ፤ እንግዲህ ጠይቄሻለሁ። ሥሩን ለማወቅ ቆርቆሮውን በቀስታ ነቅነቅ አድርጊው፤ እንጨቱ አብሮ ከቆመ ይዟል ማለት ነው።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ጀሶው ከተፈታ ወዲህ በየቀኑ በመንገዱ ዞሬ እየሄድኩ እግሩን እያሸሁ አንቀሳቅስለት ነበር። መንገዱ ዳገት ነው። ባለፈው ሳምንት እያለከለክኩ ስገባ አየኝና ለሳኙን ጠራው። በነጋታው ሁለቱ ግንቡን ሲለኩ አገኘኋቸው። «ምን ልታደርጉ ነው?» ስል «በር» አለኝ። የመጀመሪያውን ብሎኬት እኔ እንድመታው መዶሻውን ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው መታሁት። አልተነቃነቀም። አባትሽ በኩራት «ጥሩ ሥራ ነበር» አለ። ቀሪውን ለሳኙ አፈረሰው፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀበት።

ትናንት ከቀትር በኋላ መቃኑ ቆመ። አባትሽ አንዱን ክራንች ጥሎ በአንዱ ብቻ ተደግፎ ወደ እኔ ግቢ ገባ። ቀስ ብሎ እስከ ግንዱ ድረስ ሄደ። ከወዲያ ሆኖ የሚያየው ቅርንጫፉን ብቻ ነበር፤ ግንዱን አራት ዓመት አላየውም። እጁን አሳረፈበትና ዙሪያውን ለካው፤ እጁ አልደረሰለትም።

«እንዲህ ወፍሯል እንዴ?» አለኝ።

«ወፍሯል» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ እግሩ እንደደከመው ገባኝና ወንበር አወጣሁለት። ዛሬም ይኸው ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል፤ ይህን ስጽፍልሽ በመስኮቱ ወደ ውስጥ እየተጣራ የትኛውን ቅርንጫፍ ሳልቆርጠው እንደቀረሁ እየነገረኝ ነው። ልጨርስና ወጥቼ ልመልስለት።

አክስትሽ